አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ትልቅ ሆቴል ማረፍ፦ ክፍል ከማስያዝ እስከ መውጫው ሂሳብ

ቅንጡ ሆቴል ውስጥ እንግዳን ከሁሉ በላይ የሚያስከፍለው ይሉኝታው ነው። ዋጋው ቫትን ይጨምር እንደሆነ መጠየቅ ያፍራል። የተሰጠው ክፍል ሊፍቱ አጠገብ ቢሆንም "ይሁን" ብሎ ይገባል። ሲወጣ ደግሞ ያልጠጣው ውሃ ሂሳቡ ላይ ቢመጣ "ለዚህማ አልከራከርም" ብሎ ይከፍላል። ሠራተኞቹ ግን የሠለጠኑት ለሚጠይቅ እንግዳ ነው፤ ጥያቄ አይከብዳቸውም። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ለአዲስ አበባ የተዘጋጀ ነው፤ ማለትም ለሸራተን አዲስ፣ ለሂልተን፣ ለሃያት ሪጀንሲ፣ ለስካይላይትና በእነሱ ተርታ ለሚሰለፉት።

1. ቀኑንና ሌሊቱን በትክክል ይቁጠሩ

የሆቴል ኮምፒውተር የሚያውቀው የፈረንጆችን ቀን ነው። ዘመድ በስልክ "ለመስከረም 20 ያዙልን" ብሎ፣ መዝጋቢው ሴፕቴምበር 20 ብሎ ካስገባው የአሥር ቀን ስህተት ተፈጠረ፤ ሴፕቴምበር 20 አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው መስከረም 10 ላይ ነውና። ጳጉሜ ስድስት ስትሆን ደግሞ ቀጥሎ ባለው መስከረም ልዩነቱ በአንድ ቀን ይዛነፋል። ስለዚህ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ከነዕለቱ ይጻፉ፦ "ማክሰኞ፣ መስከረም 20 ቀን 2018፣ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 30"። ዕለቱ ካልገጠመ ስህተቱ እዚያው ይታያል።

ሰዓቱም እንዲሁ ያሳስታል። መግቢያ 14፡00፣ መውጫ 12፡00 ተብሎ ሲጻፍ በእኛ አቆጣጠር መግቢያው ከቀኑ 8 ሰዓት፣ መውጫው ከቀኑ 6 ሰዓት ነው። "መውጫ 12" የሚለውን አንብቦ እስከ አመሻሽ የተኛ እንግዳ የግማሽ ቀን ኪራይ ይጠብቀዋል። የማንቂያ ስልክ ሲያዝዙም "ጠዋት 12 ሰዓት፣ በፈረንጅ 6" ብለው ሁለቱንም ይንገሩ። አንዱን ብቻ ከተናገሩ በረራዎ የሚወሰነው የሌሊት ተረኛው በገባው መንገድ ነው።

ከሁሉም የሚብሰው የሌሊት በረራ ነው። አውሮፕላንዎ ቦሌ የሚያርፈው በ15ኛው ቀን ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ በፈረንጅ 2፡00 ከሆነ ክፍሉን መያዝ ያለብዎት ከ14 ጀምሮ ነው። በሆቴል አቆጣጠር ያ ሌሊት የ14 ሌሊት ነው። ከ15 ጀምሮ ከያዙ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ሎቢ ሶፋ ላይ ይጠብቃሉ፣ አለዚያ ተጨማሪ ሌሊት ከፍለው ይገባሉ። ከ14 ቢይዙም ሌላ አደጋ አለ፦ በእኩለ ሌሊት ያልደረሰ እንግዳ "ቀርቷል" ተብሎ ይመዘገብና የአንድ ሌሊት ተከፍሎበት የቀሩት ሌሊቶች በሙሉ ሊሰረዙ ይችላሉ። መፍትሔው ክፍሉን ሲይዙ የበረራ ቁጥሩን መስጠት፣ "የምደርሰው በ15 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ክፍሉ ከ14 ጀምሮ ይቆየኝ" ብሎ መጻፍና መልሱን በኢሜይል መቀበል ነው። የቃል "እሺ" ፈረቃ ሲቀየር አብሮ ይቀየራል።

የከተማዋን ቀን መቁጠሪያም ይዩ። የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ በየካቲት መባቻ አካባቢ ሲካሄድ ትልልቆቹ ሆቴሎች በልዑካን ይሞላሉ፣ ዋጋ ይንራል፣ መንገድም ይዘጋል። መስቀል አደባባይ ዙሪያ ላለ ሆቴል ደግሞ መስከረም 16 የደመራው ቀንና የኅዳሩ ታላቁ ሩጫ ወሳኝ ናቸው። እነዚያን ቀኖች ከመስኮት ሆኖ ማየት ደስ ይላል። ሻንጣ ይዞ በመኪና መውጣት ግን ለረጅም ሰዓት የማይሞከር ይሆናል። በዚያው ቀን የሚበሩ ከሆነ ከዋዜማው ወደ ቦሌ ወገን ይዛወሩ።

2. ዋጋው ላይ ምን ይጨመራል?

"አንድ ሌሊት 200 ዶላር" ሲባል ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት "ፕላስ ፕላስ ነው ወይስ ሁሉንም ያጠቃለለ?" ነው። ፕላስ ፕላስ ማለት ሰርቪስ ቻርጅና ቫት ገና አልተጨመሩም ማለት ነው። የተለመደው ስሌት 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ተደምሮ በድምሩ ላይ 15 በመቶ ቫት ማስላት ነው፦ 200 ሲደመር 20፣ 220፤ የ220 አሥራ አምስት በመቶ 33፤ ጠቅላላ 253 ዶላር። ጭማሪው ብዙዎች እንደሚገምቱት 25 በመቶ ሳይሆን 26.5 በመቶ ነው። ለሦስት ሌሊት 600 ያሰበ ሰው 759 ይከፍላል። የምግብና የመጠጥ ዝርዝሩም ብዙ ጊዜ በዚሁ መንገድ ስለሚሠራ የ1,000 ብር ምሳ 1,265 ብር ይሆናል።

ዋጋው በዶላር ተነግሮ ክፍያው በብር ከሆነ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ በየትኛው ባንክ ምንዛሬ፣ በየትኛው ቀን ምንዛሬ (በያዙበት፣ በገቡበት ወይስ በሚወጡበት)፣ ለኢትዮጵያዊ ነዋሪ የተለየ የብር ዋጋ አለ ወይ? የመጨረሻውን ጥያቄ ሳይጠይቁ የቀሩ ብዙ ናቸው፤ ቢኖርም ማንም ቀድሞ አይነግርዎትም።

በኢንተርኔት ማስያዣ ድረ ገጾች የሚታየውን ዋጋ ይዘው ሆቴሉ የሽያጭ ክፍል ይደውሉ። ሆቴሉ ለድረ ገጾቹ ኮሚሽን ስለሚከፍል በተመሳሳይ ዋጋ ቁርስ፣ የአየር ማረፊያ መጓጓዣ ወይም ዘግይቶ መውጣት ሊጨምርልዎ ይችላል። የማይሰረዝ ርካሽ ዋጋ ግን ቪዛ ላልወጣለት ወይም የሠርግ ቀኑ ላልተቆረጠለት ሰው ወጥመድ ነው።

3. ሆቴሉንና ክፍሉን መምረጥ

ሆቴሉን በጉዳይዎ ይምረጡ። በመሸጋገሪያ አንድ ሌሊት ብቻ የሚያድሩ ከሆነ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ንብረት የሆነውና አየር ማረፊያው አጠገብ ያለው ስካይላይት ይበቃል። ከ1,000 በላይ ክፍሎች ስላሉት ግን ትልቅ ስብሰባ ባለበት ቀን መመዝገቢያው ጋ ሰልፍ፣ ቁርስ ላይ ትርምስ ይኖራል። ለጫጉላ ወይም ግቢ ውስጥ ለመዋል እ.ኤ.አ. በ1998 የተከፈተው ሸራተን ሰፊ አትክልትና ፏፏቴ አለው። ሂልተን የቆየ ነው፤ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1969 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ የመሰለው የመስቀል ቅርጽ ያለው መዋኛው የሚሞላው ከምድር በሚወጣ ፍልውሃ ስለሆነ በአዲስ አበባ ብርድም ይዋኙበታል።

ክፍል ሲይዙ "ደብል" ማለት አንድ ሰፊ አልጋ፣ "ትዊን" ማለት ሁለት አልጋ መሆኑን አይርሱ። እናትና ልጅ፣ ወይም ሁለት የሥራ ባልደረቦች ደብል ይዘው ማታ ላይ የሚደነግጡት እዚህ ጋ ነው። ቡኪንጉ ላይ ሁለታችሁንም ያስመዝግቡ። በአንድ ሰው ስም የተያዘ ክፍል ብዙ ጊዜ ቁርሱ ለአንድ ሰው ነው፤ የሁለተኛው በየቀኑ ለብቻው ይታሰባል።

ስለ ጸጥታ፦ ሲይዙ ከሊፍት፣ ከሠራተኞች በርና ከሠርግ አዳራሽ የራቀ፣ ወደ ውስጠኛው ግቢ የሚያይ ክፍል ይጠይቁ። ቅዳሜና እሁድ በሠርግ ወቅት አዳራሹ ላይ ያለ ፎቅ እስከ እኩለ ሌሊት አያስተኛም። ወደ ውጭ የሚያይ ክፍል ደግሞ የሌሊቱ ቅዳሴና የንጋቱ አዛን በድምፅ ማጉያ ይደርሱታል። ለአንዳንዱ ይህ የአገር ቤት ናፍቆቱ ነው፤ ለሌላው ግን 12 ሰዓት ከፈጀ በረራ በኋላ ሌላ ጉዳይ ነው።

"ኤክስኪዩቲቭ" ፎቅ የሚባለው ተጨማሪ ዋጋው የሚያዋጣው ላውንጁን፣ ማለትም የዚያን ፎቅ እንግዶች ማረፊያ ሳሎን፣ የሚጠቀሙበት ከሆነ ብቻ ነው። ቁርስ፣ ቡና፣ የማታ መክሰስና መጠጥ እዚያ ነጻ ናቸው። ቀኑን ውጭ ውሎ ዘመድ ቤት እራቱን በልቶ ለሚገባ ሰው ግን ገንዘቡን መጣል ነው።

4. ሻንጣው ውስጥ የሚጨመሩ ሁለት ነገሮች

የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ኃይል 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ ሶኬቱም በብዛት ሁለት ክብ ቀዳዳ ነው። ከአሜሪካ የሚመጡ የፀጉር መተኮሻና ማድረቂያዎች ብዙዎቹ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ ሶኬት መቀየሪያ ቢገጠምላቸውም በሰከንዶች ውስጥ ይቃጠላሉ፤ መቀየሪያ ቅርጽ እንጂ ቮልት አይቀይርም። እቃው ጀርባ ላይ "100–240" የሚል ካለ ችግር የለውም፤ የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀሮች እንዲህ ናቸው። ከዱባይና ከአቡዳቢ የሚመጣ እቃ ቮልቱ ይስማማል፤ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለውን መሰኪያ የሚቀበል መቀየሪያ ብቻ ይያዙ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ያለው ትንሿ የጺም መላጫ ሶኬት ፀጉር ማድረቂያ አትችልም።

ሁለተኛው መታወቂያ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ለሚያድር ለእያንዳንዱ ሰው። ፋይዳ ወይም ፓስፖርት ይሻላል፤ የታደሰ የቀበሌ መታወቂያም ይያዛል። ቀኑ ያለፈበት መታወቂያ እኩለ ሌሊት ላይ ብዙ ያከራክራል።

5. ከበሩ እስከ እንግዳ መቀበያው

ግቢው በር ላይ መኪናው ከሥሩ በመስታወት፣ ኮፈኑም ተከፍቶ ይታያል፤ መግቢያው ላይ ሻንጣው በማሽን፣ እርስዎም በፍተሻ በር ያልፋሉ። ፈቃድ ያለው መሣሪያ የያዘ ሰው በር ላይ አስመዝግቦ ያስረክባል። ይህ በገቡ ቁጥር የሚደጋገም ስለሆነ ለስብሰባ ሲቸኩሉ አሥር ደቂቃ ይጨምሩለት።

እንግዳ መቀበያው መታወቂያ ከተቀበለ በኋላ ካርድ ወይም ተቀማጭ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይምታታሉ። በክሬዲት ካርድ የሚደረገው "መያዣ" ነው፤ ገንዘቡ አይወሰድም፣ ግን እንዳይንቀሳቀስ ይታገዳል። በዴቢት ካርድ ከሆነ የታገደው የራስዎ ጥሬ ገንዘብ ስለሆነ ከሆቴል ከወጡ በኋላም ባንክዎ እስኪለቀው ድረስ ቀናት ይፈጃል። ለጉዞው ያሰቡት ገንዘብ በሙሉ አንድ ዴቢት ካርድ ላይ ካለ ተቀማጩን በጥሬ ብር ወይም በቴሌብር ለመክፈል ይጠይቁና ደረሰኙን ይያዙ። መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ የክፍሉ ሙሉ ኪራይና በቀን ለምግብ፣ ለመጠጥ፣ ለልብስ እጥበት የሚታሰብ ተጨማሪ ነው። ውጭ እየበሉ የሚቆዩ ከሆነ "ክፍሉ ላይ ምንም አላስመዘግብም፤ ተጨማሪው ይቅርልኝ" ማለት ይቻላል። ያኔ ምግብ ቤቱ ውስጥ የሚጠቀሙትን ሁሉ እዚያው ይከፍላሉ።

ፎርሙ ላይ ሳይፈርሙ ሦስት ቁጥር ያንብቡ፦ የሌሊቱ ዋጋ፣ የሚወጡበት ቀን፣ የቁርስ ብዛት። ቁልፍ ሲሰጥዎ የክፍል ቁጥሩ ጮክ ብሎ ከተጠራ ሌላ ክፍል መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ጥሩ ሠራተኛ ቁጥሩን ጽፎ ያሳያል እንጂ ሎቢ ውስጥ አይጠራም።

6. ሻንጣ ሳይፈቱ የሚደረግ የአምስት ደቂቃ ፍተሻ

ክፍል መቀየር የሚቀለው አልጋው ሳይነካ፣ መታጠቢያው ሳይረጥብ ነው። አንዴ ከተጠቀሙበት ክፍሉ እንደገና ጽዳት፣ እንደገና ምርመራ ስለሚያስፈልገው ሠራተኛው "ነገ እናያለን" ማለት ይጀምራል። ስለዚህ ሻንጣ ተሸካሚው ሳይሄድ፦

በመጀመሪያ በሩን ዘግተው ያሽትቱ። የሲጋራ ወይም የእርጥበት ሽታ በርና መስኮት ቢከፈትም አይለቅም። ቀጥሎ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍተው ይተዉት፤ በረጅም ሕንፃ ሁለት ደቂቃ ሊወስድበት ይችላል፣ ከሦስት ካለፈ ግን ችግር አለ። እስከዚያ አየር ማቀዝቀዣውን ወደ 18፣ ከዚያ ወደ 26 ያዙሩና የሚወጣው አየር መለወጡን በእጅ ይዩ። ድምፁ ብቻ ከተለወጠና አየሩ ካልተለወጠ ማዕከላዊው መሣሪያ በዚያ ወቅት አንዱን ብቻ ነው የሚሰጠው ማለት ነው፤ ያኔ ክፍል መቀየር አይረዳም፣ ማሞቂያ ወይም ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይጠይቁ። መስኮት ወይም የበረንዳ በር ሲከፈት መሣሪያው ራሱ የሚያጠፋበት ቤትም አለ፤ "አይሠራም" ተብሎ ቴክኒሽያን የሚጠራው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው።

ከዚያ ሚኒባሩን፣ ማለትም ክፍሉ ውስጥ ያለውን የመጠጥ ፍሪጅ ይክፈቱ። የጎደለ ወይም የተከፈተ ነገር ካለ ፎቶ አንስተው ወዲያው ይደውሉ። አንዳንዱ ሚኒባር እቃው ከቦታው ሲነሳ የሚቆጥር መሣሪያ ስላለው የራስን ውሃ ለማቀዝቀዝ ብሎ ጠርሙስ ማንቀሳቀስ ያስከፍላል። ጠረጴዛ ላይ ያሉት ሁለቱ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ነጻ ናቸው፤ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ያው ውሃ ግን በሂሳብ ነው። አንገቱ ላይ "ነጻ" የሚል ካርድ የሌለበትን ጠርሙስ ከመክፈትዎ በፊት ይጠይቁ።

ካዝናውን በሩ ክፍት እያለ ይሞክሩ፤ አራት ቁጥር ያስገቡ፣ መቆለፊያውን ይጫኑ፣ መልሰው ይክፈቱ። ባትሪው የደከመ ካዝና መጀመሪያ ተቆልፎ ኋላ ላይ ነው የሚያስቸግረው፤ የሚከፍተውም ተረኛው ኃላፊ በምስክር ፊት ስለሆነ ወደ በረራ ሲቸኩሉ ሃያ ደቂቃ ይበላል። የልደት ዓመትዎን ኮድ አያድርጉ፤ ፓስፖርትዎ ኮፒ ሆኖ ታች አለ።

7. ክፍሉ ውስጥ

መብራት የሚበራው በር አጠገብ ያለው ማስገቢያ ውስጥ ካርዱ ሲገባ ነው። ካርዱን ይዘው ሲወጡ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ሶኬቶቹም ይጠፋሉ፤ ስልክ ቻርጅ ላይ ትቶ መውጣት ዋጋ የለውም። ሁለተኛ ካርድ ይጠይቁ፣ ወይም ፍሪጁ የተሰካበትን መስመር ይጠቀሙ፤ እሱ አይጠፋም። ዋናው መስመር ሲቋረጥ የሆቴሉ ጄኔሬተር ለመነሳት ጥቂት ሰከንድ ይወስድበታል። በዚያ ቅጽበት ሊፍት ውስጥ ከሆኑ አይደንግጡ፤ መብራቱ ሲመለስ የፎቅዎን ቁልፍ እንደገና ይጫኑ።

የሻወሩ ቧንቧ ሁለት ክብ እጀታ ካለው አንዱ የውሃ መጠን፣ ሌላው ሙቀት ነው። የሙቀቱ እጀታ 38 ላይ ይቆማል። ከዚያ በላይ ለማዞር ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጭኖ ማዞር ያስፈልጋል። "ውሃው አይሞቅም" የሚለው ስሞታ ብዙ ጊዜ እዚህ ያበቃል። መጋረጃ ያለው ገንዳ ከሆነ መጋረጃው ወደ ውስጥ ይግባ፤ አለዚያ ውሃው ምንጣፉ ድረስ ይሄዳል። የቧንቧ ውሃ አይጠጡ፣ ጥርስም በጠርሙሱ ውሃ ይቦረሹ።

ዕጣን ማጨስና ከሰል ማቀጣጠል ፈጽሞ አይሞከርም። ኮርኒሱ ላይ ያለው የጢስ መለያ ዕጣንን ከእሳት አይለይም፤ ደወሉ ሲጮኽ ፎቁ ሁሉ ይወጣል፣ የጽዳት ቅጣትም ይከተላል። ቡና ማፍላት ካማረዎ ሎቢው ውስጥ ረከቦት ተዘርግቶ የሚፈላበትን ሰዓት ይጠይቁ፤ ዋጋውንም አብረው፤ በአንዳንዱ ቤት ግብዣ፣ በሌላው ሂሳብ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከቆላ ወይም ከውጭ ለሚመጣ ሰው የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ ይቆራረጣል፣ አፍ ይደርቃል፣ ራስ ያማል። አልጋው ወይም ትራሱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ውሃ ያብዙ፣ አልኮል ይቀንሱ፣ ጂም ውስጥም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከለመዱት ፍጥነት በግማሹ ይሩጡ።

8. ቁርስ፣ በተለይ በጾም

ቁርስ ብዙ ቦታ ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 4፡30 ነው። ከ2 እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ የስብሰባ እንግዶች ስለሚጎርፉበት ከዚያ በፊት ወይም በኋላ ይውረዱ። ሳህን ሳይዙ አንድ ዙር ይዙሩ፤ እንቁላሉ፣ ፍርፍሩና ጭማቂው በትዕዛዝ የሚሠሩበት ጥግ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ከሚታየው ረጅም ጠረጴዛ ጀርባ ነው።

ረቡዕና ዓርብ ወይም በዐቢይ ጾም የሚጾሙ ከሆነ "የጾም" የሚል ካርድ ያለበትን ብቻ አይመኑ። ክሯሳንና ለስላሳ ዳቦ ቅቤና ወተት አለባቸው፣ አንዳንዱ ዳቦ ላዩ በእንቁላል ይቀባል፣ አጃው በወተት ይፈላል፣ የተጠበሰው ድንችም በቅቤ ሊሆን ይችላል። ማታውኑ ምግብ ቤቱን "ነገ በጾም ፍርፍርና ሽሮ ይዘጋጅልኝ" ብለው ያስመዝግቡ፤ ጠዋት ከሚታዘዝ ይልቅ የማታው ትኩስ ሆኖ ይመጣል። በጾም እስከ ስድስት ወይም ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ ደግሞ የተካተተው ቁርስ በምሳ ይቀየር እንደሆነ ሲገቡ ይጠይቁ፤ ሁሉም ቤት ባይፈቅድም የሚፈቅድ አለ። ሥጋን በተመለከተ የክርስቲያንና የሙስሊም እርድ የተለየ መሆኑን ወጥ ቤቱ ያውቃል፤ የትኛው እንደሚቀርብ አስተናጋጁን ሳይሆን የምግብ ቤቱን ኃላፊ ይጠይቁ።

9. ልብስ ማሳጠብ

ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ከረጢትና ዝርዝር ወረቀት አለ። የልብሱን ብዛት ራስዎ ይሙሉ፤ ባዶ ከተዉት የሆቴሉ ቆጠራ ይጸናል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት የወጣ ልብስ ማታ ይመለሳል፤ በአስቸኳይ ሲባል ዋጋው በግማሽ ወይም በእጥፍ ያድጋል።

የሐበሻ ቀሚስና ጋቢ ዝም ብለው አይላኩ። ሸማው በሙቅ ውሃ ይሰበሰባል፣ የጥለቱ ቀለም ነጩ ላይ ይወርዳል። ወረቀቱ ላይ "በእጅ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ለብቻው፣ ካውያው ከውስጥ በኩል" ብለው ይጻፉና ለሠራተኛው በእጅ ያስረክቡ። ከወረቀቱ ጀርባ ያለውን ትንሽ ጽሑፍም ያንብቡ፤ ሆቴሎች ለተበላሸ ልብስ የሚክሱት በእጥበቱ ዋጋ ብዜት (የተለመደው አሥር እጥፍ) ተገድቦ ነው። የሠርግ ጥበብ በዚህ ስሌት አይተካም፤ ሸማ ለሚያውቅ ሰው ቢሰጥ ይሻላል።

10. ጠያቂ ዘመድ

ከውጭ የመጣ እንግዳ ሆቴል አርፎ ዘመድ ሳይመጣበት አይቀርም። ጠያቂ ሎቢ ውስጥ መቀመጥ ይችላል፤ ክፍል ለመግባት ግን መታወቂያ አስመዝግቦ፣ እርስዎ ፈቅደው ነው፤ ብዙ ቤት ማታ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ አይፈቀድም። የሚያድር ከሆነ እንደ እንግዳ ይመዘገባል፣ ይከፈልበታልም። አክስት ዶሮ ወጥ በሰሃን ይዛ በር ላይ ስትታገድ ነገሩ ይከብዳል፤ ከውጭ የተሠራ ምግብ ሆቴሉ የማይቀበለው እንግዳው ከታመመ ተጠያቂው እሱ ስለሚሆን ነው። አስቀድመው ተረኛውን ኃላፊ "አክስቴ ለእኔ ብቻ ምግብ ይዛ ትመጣለች፤ ክፍሌ ውስጥ ነው የምበላው" ቢሉት ብዙ ጊዜ ያሳልፋል። በር ላይ ከጥበቃው ጋር መጨቃጨቅ ግን ጥቅም የለውም፤ እሱ የመፍቀድ ሥልጣን የለውም።

ጉርሻን በተመለከተ ሰርቪስ ቻርጅ ስለተከፈለ ግዴታ የለብዎትም። ለሻንጣ ተሸካሚና ክፍል ለሚያጸዳው ሰው ግን መቶ ሁለት መቶ ብር መስጠት የተለመደ ነው። ለጽዳቱ በመጨረሻው ቀን አንድ ላይ ከመተው በየቀኑ ትራስ ላይ ማኖር ይሻላል፤ ፈረቃው ይለዋወጣልና።

11. የሆነ ነገር ሲበላሽ

ቅሬታ የሚሠራው ሲደርስ ወዲያው ሲነገር ነው። ሌሊቱን በጩኸት አድረው ሲወጡ ቢናገሩ ይቅርታ ያገኛሉ፤ በዚያው ሌሊት ቢደውሉ ክፍል ይቀየራል ወይም ዋጋው ይቀነሳል። ለኦፕሬተሩ ከነገሩ በኋላ በ20 ደቂቃ ካልተፈታ "ዲዩቲ ማናጀር (ተረኛው ኃላፊ) ያናግረኝ" ይበሉ፤ ቅናሽ የመፍቀድ ሥልጣን ያለው እሱ ነው። የሚፈልጉትንም ራስዎ ይናገሩ፦ "ሌላ ክፍል ስጡኝ"፣ "የዛሬው ቁርስ ይቅርልኝ"፣ "እስከ 10 ሰዓት ልቆይ"። ያልተጠየቀ ካሳ የፍራፍሬ ሳህን ሆኖ ይመጣል።

12. ሂሳብና መውጫ

ሂሳቡን የሚያዩት በሚወጡበት ጠዋት ሳይሆን በዋዜማው ማታ ይሁን። ከራት በኋላ እንግዳ መቀበያው ጋ "እስከ አሁን ያለውን ዝርዝር አትሙልኝ" ይበሉና ክፍል ገብተው ያንብቡ። ስህተት የሚበዛባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ ሚኒባር፣ የተካተተ ቁርስ ዳግም ሲታሰብ፣ የሌላ ክፍል ሂሳብ በተመሳሳይ ቁጥር ሲገባ (312 እና 321)፣ አስቀድሞ የተከፈለ ተቀማጭ ሳይቀነስ ሲቀር። በቆይታዎ የፈረሙባቸውን ቢሎች ቅጂ በአንድ ፖስታ ያጠራቅሙ፤ ሲፈርሙም ስምዎን በጉልህ ይጻፉ፣ የጉርሻ መስመሩ ባዶ ከሆነ ሰረዝ ያስምሩበት።

ድርጅት የሚከፍል ከሆነ የድርጅቱን ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ደረሰኙ ከመታተሙ በፊት ይስጡ። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ አንዴ ያተመውን አያርምም፤ ማስተካከያው የፋይናንስ ክፍሉን ፊርማ ስለሚፈልግ እሁድ ጠዋት አይሆንም። የኮምፒውተሩ ዝርዝርና የማሽኑ ደረሰኝ ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው፤ ሁለቱንም ይያዙ።

ወደ አሜሪካና አውሮፓ የሚሄዱ ብዙ በረራዎች ማታ ስለሆኑ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ጉዞው ያለው ክፍተት ይከብዳል። ከዋዜማው ከጠየቁ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት መቆየት ሆቴሉ ካልሞላ በነጻ ይገኛል። እስከ ምሽት 12 ሰዓት ከሆነ የተለመደው የግማሽ ቀን ኪራይ ነው። ካልሆነ ክፍሉን አስረክበው ሻንጣውን በካርድ ያስቀምጡና የመዋኛው መታጠቢያ ቤት እንዲፈቀድልዎ ይጠይቁ፤ አብዛኞቹ እሺ ይላሉ።

ከመውጣትዎ በፊት ካዝናውን፣ ከአልጋው ራስጌ ያለውን ሶኬትና ከበሩ ጀርባ ያለውን መስቀያ ይዩ፤ ፓስፖርት፣ ቻርጀርና ጃኬት የሚረሱት በእነዚህ ሦስት ቦታዎች ነው። በካርድ ከፍለው ከሆነ የመያዣው መሰረዣ ወረቀት ይሰጥዎ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ገንዘቡ ካልተለቀቀ ባንክዎ የሚጠይቀው ያንን ወረቀት፣ በተለይም እሱ ላይ ያለውን የፈቃድ ቁጥር ነው።